ማስታወቂያው ፎቶ ሲሆን፦ ዓይነ ስውር ሠራተኛን ከደጅ የሚያስቀሩ ጥቃቅን ነገሮች

በዚህ ዘመን ሥራ የሚፈልግ ወጣት ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ አይውልም። ስልኩን ይከፍታል፤ ቴሌግራም ላይ ክፍት የሥራ ቦታ የሚለጥፉ ቻናሎችን ያገላብጣል። አንዱን ነካ ያደርጋል፣ ያነባል፣ መስፈርቱን ካሟላ ማስረጃውን ይዞ ይሄዳል። ለብዙ ሰው ነገሩ በዚሁ ያበቃል።

አሁን ደግሞ በሕግ የተመረቀች አንዲት ዓይነ ስውር ወጣት እናስብ። እሷም ስማርት ስልክ አላት። ስልኳ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብላት፣ ስክሪን ሪደር የሚባለው ፕሮግራም ተከፍቷል። ጣቷን በስክሪኑ ላይ ስታንሸራትት ስልኩ ያወራላታል። የጓደኞቿን መልእክት ታነባለች፣ ዜና ትከታተላለች፣ ፌስቡክ ላይ ትከራከራለች። የሥራ ማስታወቂያው ጋ ስትደርስ ግን ስልኩ «ፎቶ» ብሎ ዝም ይላል።

ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ የወጣ ነው፤ አንድ ሰው በስልኩ ካሜራ አንስቶ ለጥፎታል። ወይም ደግሞ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው፤ ስካን ተደርጎ ተጭኗል። ለሚያይ ሰው ጽሑፍ ነው። ለስክሪን ሪደሩ ግን ምስል ብቻ ነው። የትምህርት ደረጃው፣ የማመልከቻው ቀን፣ አድራሻው ሁሉ እዚያ ምስል ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። ልጅቷ ከውድድሩ የወጣችው በችሎታ ተበልጣ አይደለም። ውድድር መኖሩንም አላወቀችም።

ስለ ዓይነ ስውራንና ሥራ ስናወራ ብዙ ጊዜ ትልልቁን ነገር እናነሳለን። የኅብረተሰቡ አመለካከት፣ የመንግሥት ቁርጠኝነት፣ የበጀት እጥረት። እነዚህ እውነት ናቸው። ግን ከዕለት ወደ ዕለት ሰውን ደጅ የሚያስቀሩት አብዛኞቹ ነገሮች ትንንሽ ናቸው፤ የተሠሩትም በእኛው እጅ ነው። ፋይሉ የተዘጋጀበት መንገድ፣ ፈተናው የሚሰጥበት አሠራር፣ ባንክ ውስጥ የሚጠየቅ ፊርማ። ከእነዚህ ብዙዎቹን ለማስተካከል ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ለዚህም ነው እንዲህ ተንቀው መቆየታቸው የሚያንገበግበኝ።

ጽሑፍና የጽሑፍ ፎቶ

ኮምፒውተር ላይ ብዙ ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙበት ስክሪን ሪደር ኤንቪዲኤ ይባላል። ማይክል ከራንና ጄምስ ቴ የተባሉ ሁለት ዓይነ ስውር አውስትራሊያውያን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመሩት ሥራ ነው። በነጻ ይገኛል። ያን ጊዜ የነበሩት ተመሳሳይ ፕሮግራሞች ውድ ስለነበሩ ነው ሁለቱ ወጣቶች ይህን የጀመሩት። አንድሮይድ ስልኮች ላይ ቶክባክ፣ አይፎን ላይ ደግሞ ቮይስኦቨር ከስልኩ ጋር አብረው ይመጣሉ። ማለትም መሣሪያው ዛሬ በብዙ ሰው ኪስ ውስጥ አለ።

አማርኛስ? አማርኛም ይነበባል። ኤንቪዲኤ ይዞት የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው የድምፅ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል። ድምፁ የማሽን ነው፤ ለጀማሪ ጆሮ ይከብዳል። የለመደው ሰው ግን እኛ በዓይናችን ከምናነበው በማይተናነስ ፍጥነት ያዳምጠዋል። ማይክሮሶፍት ደግሞ የሰው ድምፅ የሚመስሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት። ስማቸው መቅደስና አምሃ ነው። ኤጅ በተባለው የድርጅቱ ብሮውዘር የአማርኛ ድረ ገጽ ከፍቶ «አንብብልኝ» ማለት ይቻላል። አልፎ አልፎ የሚጠብቀውን ያላላሉ፣ የሚላላውን ያጠብቃሉ፤ አጻጻፋችን ጥብቀትን ስለማያሳይ ማሽኑ መገመት አለበት። ቢሆንም ሐሳቡ ይገባል።

ስለዚህ ዋናው ጣጣ ከድምፁ በፊት የሚመጣ ነው፤ የሚነበበው ነገር ጽሑፍ መሆን አለበት። የእኛ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ሰነድን ምስል ማድረግ ይወዳሉ። ደብዳቤው በኮምፒውተር ይተየባል፤ ይታተማል፤ ይፈረምበታል፤ ማኅተም ያርፍበታል፤ ከዚያ እንደገና ስካን ይደረግና ይላካል። ሲጀመር ጽሑፍ የነበረው ሲላክ ሥዕል ይሆናል። ማኅተሙ ለሕጋዊነት ያስፈልጋል፤ ይገባኛል። ግን ዋናውን የቃላት ፋይል ከስካኑ ጋር አያይዞ መላክ ምን ይጎዳል? ቴሌግራም ላይ ከፎቶው ሥር ያንኑ ጽሑፍ መለጠፍ ከ5 ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ሌላም ስውር እንቅፋት አለ። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች በሙሉ ለስክሪን ሪደር ባዳ ናቸው። ዩኒኮድ ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት ነው፤ የኢትዮጵያ ፊደል እዚያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ከላይ ሲታዩ አማርኛ ይምሰሉ እንጂ ከሥር የላቲን ፊደሎችና ምልክቶች ናቸው። የሚያይ ሰው «ሰላም» ብሎ ያነበዋል። ስክሪን ሪደሩ ግን ከሥር ያሉትን የተዘበራረቁ የላቲን ፊደሎች ነው የሚያነበንበው። ዛሬም ሰነዶቻቸውን በእነዚህ አሮጌ ፎንቶች የሚያዘጋጁ ቢሮዎች አሉ። የእናንተ ፋይል ከየትኛው እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ቀላል ነው። ጽሑፉን ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። ወደ ላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ከተለወጠ ዓይነ ስውር ባልደረባችሁ ሊያነበው አይችልም ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የነጋሪት ጋዜጣው ነው። አዋጆቻችን ኢንተርኔት ላይ ይገኛሉ፤ ብዙዎቹ ቅጂዎች ግን ስካን የተደረጉ ገጾች ናቸው። ግራው አማርኛ፣ ቀኙ እንግሊዝኛ ሆኖ በሁለት ዓምድ የተዘጋጀ ምስል። ሕግ የተማረች ዓይነ ስውር ሴት የምትኖርበትን አገር ሕግ ለማንበብ የሌላ ሰው ዓይን መለመን አለባት። እርግጥ አሁን ከፎቶ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ለቅመው የሚያነቡ ፕሮግራሞች እየመጡ ነው። በደንብ የታተመውን ይሞክሩታል። ሕግ ውስጥ ግን አንድ «አይ» ብትጎድል ትርጉሙ ይገለበጣል፤ «ይሞክሩታል» በሚባል ነገር ላይ ተደግፎ ፍርድ ቤት መቆም አይቻልም።

ይህን ነገር ሳስብ የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ይታወሱኛል። ቅኔ የሚቆጠረው በቃል ነው፤ የሚዘረፈውም በቃል። ዜማው ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ ይሄዳል። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ዓይነ ስውር ተማሪ ከጓደኞቹ እኩል ይማራል፤ ሲበረታም ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። ማየት የተሳናቸው የተከበሩ የቅኔና የዜማ መምህራን የወጡትም በዚህ መንገድ ነው። ያኔ ለዓይነ ስውራን የተለየ ርኅራኄ ስለነበረ ብቻ አይመስለኝም። ትምህርቱ የሚተላለፍበት መንገድ ጆሮ ስለነበረ ነው። ዛሬ ቴክኖሎጂው ማንኛውንም ጽሑፍ ወደ ጆሮ ማምጣት ሲችል፣ እኛ ጽሑፉን ወደ ሥዕል እየለወጥን መንገዱን እንዘጋለን።

አንባቢው ማን ነው?

እንበልና ማስታወቂያውን ጓደኛዋ አነበበላትና አመለከተች። ቀጣዩ የጽሑፍ ፈተና ነው።

በእኛ አገር ዓይነ ስውር ተፈታኝ ብዙውን ጊዜ በ«አንባቢ» ነው የሚፈተነው። አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ጥያቄውን ያነብለታል፤ መልሱን ሰምቶ ይጽፍለታል። አሠራሩ ለብዙዎች በር ከፍቷል። ግን የተፈታኙ ውጤት በአንባቢው እጅ ላይ ይወድቃል። አንባቢው ቸኩሎ ከሆነ፣ እንግሊዝኛው ደካማ ከሆነ፣ ሠንጠረዥ እንዴት እንደሚነበብ የማያውቅ ከሆነ፣ የሚለካው የማን ችሎታ ነው? አንቀጹን አንድ ጊዜ መለስ ብሎ ማየት የማይፈልግ ተፈታኝ የለም። ዓይነ ስውሩ መለስ ለማለት «እባክህ ድገምልኝ» ማለት አለበት። አራተኛ ጊዜ ሲደርስ ያፍራል፤ ይተወዋል። ይህ የሚደርሰው በትምህርት ቤትም፣ በዩኒቨርሲቲም፣ በቅጥር ፈተናም ነው።

ቀጣሪ መሥሪያ ቤቶች ጋ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አንዳንዱ «አንባቢ ይዘሽ ነይ» ይላል። አንዳንዱ «አንባቢ የለንም» ብሎ ከበር ይመልሳል። ሌላ መንገድ ግን አለ። ፈተናውን በፍላሽ ሰጥቶ፣ ኤንቪዲኤ የተጫነበት ላፕቶፕ አቅርቦ፣ ጆሮ ማዳመጫ ማድረግ ብቻ ነው። ራሷ ታነባለች፤ ራሷ ትጽፋለች። ትንሽ ተጨማሪ ሰዓት መስጠት ደግሞ ተገቢ ነው፤ በጆሮ ገጽን መቃኘት በዓይን ከመቃኘት ይረዝማልና። የታይፕ ችሎታዋም በዚያው ይታያል፤ ቀጣሪው ሥራ ላይ ምን እንደምትመስል አስቀድሞ ያያል።

የጠበበው የሙያ ምርጫ ግን ከቅጥር ፈተናው ርቆ፣ ከክፍል ውስጥ ይጀምራል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ዓይነ ስውር ተማሪ ከሒሳብና ከሳይንስ ትምህርት እንዲርቅ ይደረጋል። «ይከብድሃል፣ ተወው» ይባላል፤ ምሥሉን በእጁ ሊዳስሰው የሚችልበት መሣሪያም፣ የሠለጠነ መምህርም የለም። አብርሃም ኔሜት የተባለው ዓይነ ስውር አሜሪካዊ የሒሳብ ምሁር ለሒሳብ የሚሆን የብሬል፣ ማለትም በጣት የሚዳሰስ የነጥብ ጽሕፈት፣ አጻጻፍ ካዘጋጀ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል። እኛ ጋ ልጁ ከሒሳብ ሲርቅ ኢንጂነሪንጉ፣ አካውንቲንጉ፣ ኮምፒውተር ሳይንሱ አብረው ይርቃሉ። የሚቀሩት ሕግ፣ ቋንቋ፣ ታሪክና መምህርነት ናቸው። ዓይነ ስውር ጠበቆችና መምህራን የበዙልን ለዚህ ነው፤ በእነሱ እኮራለሁ። ግን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለ የተዘጋ በር ሠላሳ ዓመት ሲሞላው አይከፈትም። ኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ጽሑፍ ነው። ለስክሪን ሪደር ከሚመቹ ሙያዎች አንዱ ነው፤ ኤንቪዲኤን ራሱን የጻፉት ዓይነ ስውራን መሆናቸው ምስክር ነው።

ከተቀጠሩ በኋላ

አብዛኛው ሰው ዓይነ ስውርን የሚያውቀው በሁለት መልክ ነው። አንደኛው የቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የተቀመጠው ምጽዋት ጠያቂ ነው። ሁለተኛው ሁሉን ድል ያደረገው ብርቅ ሰው ነው። የትነበርሽ ንጉሤን ብዙዎቻችን እናውቃታለን። ወሎ ተወልዳ፣ በልጅነቷ ዓይኗን አጥታ፣ ሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቃ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበለች። ይገባታል። ነገር ግን ቀጣሪው አእምሮ ውስጥ ያሉት እነዚህ ሁለት መልኮች ብቻ ሲሆኑ፣ ጠዋት 2፡30 ቢሮ የሚገባው፣ ደመወዙን የሚጠብቀው፣ ሥራውን በአማካይ የሚሠራው ተራ ዓይነ ስውር ሠራተኛ ቦታ ያጣል። ማየት የሚችል ሰው ለመቀጠር ብርቅ መሆን አይጠበቅበትም። ዓይነ ስውሩም ሊጠበቅበት አይገባም።

ቀጣሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት «እንዴት ይሠራል?» ብለው ነው። ጥያቄው ቅን ነው፤ መልስም አለው። የሕግ ክፍል ባለሙያን ብንወስድ ሥራዋ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማማከርና መከራከር ነው። ዲጂታል ፋይል ካገኘች ሁሉንም ትሠራለች። የሚያስፈልጋት ኮምፒውተር፣ ነጻ ፕሮግራም፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ቀደም ብሎ በጽሑፍ የሚላክ የስብሰባ አጀንዳ ነው። ቢሮው ሲደራጅ ደግሞ ወንበርና ጠረጴዛ በየሳምንቱ ቦታ ባይቀያየር ጥሩ ነው፤ ከተቀየረ ይነገራት።

አስቸጋሪው የእጅ ጽሑፉ ነው። የእኛ ቢሮ አሠራር በደብዳቤ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ በሚጻፍ ትእዛዝ ይመራል። ኃላፊው ደብዳቤውን አይቶ «ታይቶ ይቅረብልኝ» ብሎ ጫር ያደርግና ይመራዋል። ያቺን መስመር ምንም ስክሪን ሪደር በወጉ አያነባትም። እዚህ ላይ የሰው እገዛ ያስፈልጋል፤ ወይም ኃላፊው ትእዛዙን በአጭር መልእክት ይላክ። የቢሮ ሶፍትዌር የሚገዙ ሰዎችም አንድ ጥያቄ ለሻጩ ማንሳት አለባቸው፦ «በስክሪን ሪደር ይሠራል?»። አዝራሮቹ ስም ካልተሰጣቸው ዓይነ ስውሩ የሚሰማው «በተን፣ በተን፣ በተን» ብቻ ነው። የትኛው «አስቀምጥ»፣ የትኛው «ሰርዝ» እንደሆነ አያውቅም። ሶፍትዌሩ ሲሠራ ስሙን መጨመር የጥቂት ደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ከተገዛ በኋላ ማስተካከል ግን ጨረታና ውል ይጠይቃል።

ብሬልም ቦታውን አልለቀቀም። አንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር መጣ፣ ብሬል ቀረ ይላል፤ አልስማማም። ስብሰባ ላይ በጣት እየዳሰሱ ነጥብ ማየት፣ ፋይል ላይ ምልክት መለጠፍ፣ የልጅ የፊደል ትምህርት፣ እነዚህ ሁሉ ብሬል ይፈልጋሉ። ሆሄያትን በጆሮ ብቻ የተማረ ልጅ አጻጻፉ ይበላሻል።

የማይታመነው ፊርማ

ተቀጠረች እንበል። ደመወዝ በባንክ ነው የሚገባው። ባንክ ሄዳ ሒሳብ ስትከፍት «ምስክር አምጪ» ትባላለች። ወይም «ወኪል ይኑርሽ»። ሌላ ቅርንጫፍ ስትሄድ ደግሞ ያለ ምንም ጥያቄ ይከፍቱላታል። በአንዱ ባንክ ውስጥ እንኳ አሠራሩ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይለያያል። ምስክር ሆኖ የመጣው ሰው የሒሳቧን መጠን ይሰማል። ሌላ አዋቂ ደንበኛ ላይ የማይደረግ ነገር ነው፤ ያዋርዳል።

የባንክ ሠራተኞቹን ብቻ መውቀስ ግን ፍትሐዊ አይደለም። የፍርሃታቸው ሥር ሕጉ ውስጥ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728 ንዑስ አንቀጽ 3 የዓይነ ስውርን ፊርማ ማንበብ ከማይችል ሰው ፊርማ ጋር አንድ ላይ ያስቀምጠዋል። በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር በፈራሚው ላይ ግዴታ አያመጣም ይላል። ባንኩ የሚያስበው ይህን ነው፦ «ነገ አልፈረምኩም ቢለኝስ? ገንዘቡን ማን ይመልስልኛል?»

ሕግ አውጪው ክፉ አላሰበም። በ1952 ዓ.ም. ዓይነ ስውር ሰው ፊቱ የቀረበው ወረቀት ምን እንደሚል በራሱ የሚያረጋግጥበት መንገድ እምብዛም አልነበረም። ቤቱን እንዲሸጥ አድርገው ብድር ነው ቢሉት በምን ያውቃል? አንቀጹ ጋሻ ነበር። ከ60 ዓመት በላይ ሲቆይ ግን ጋሻው ራሱ አጥር ሆነ። የሕግ ዲግሪ ያላትን ሴት ፊደል ካልቆጠረ ሰው ጋር እኩል ያደርጋታል። ያው ሕግ በአንቀጽ 340 ደግሞ በዓይነ ስውርነት ምክንያት ንብረታቸውን ማስተዳደር የማይችሉ ሰዎች ለአእምሮ ሕሙማን የተሰጠውን የሕግ ጥበቃ መጠየቅ እንደሚችሉ ይደነግጋል። ይህ የሚጠየቅ መብት ነው፤ በራሱ የማንንም ችሎታ አይነጥቅም። አንቀጽ 192 ማንኛውም ሰው ሕግ ችሎታ የለውም እስካላለ ድረስ ችሎታ እንዳለው ይቆጠራል ይላልና። ይሁንና አንቀጽ 1728ንና አንቀጽ 340ን አብሮ ያነበበ ጠንቃቃ የባንክ ሕግ ክፍል ምን ዓይነት መመሪያ እንደሚያወጣ መገመት አይከብድም።

በሌላ በኩል ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አለ። አንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች ንብረት የማፍራት፣ የገንዘብ ጉዳያቸውን የመቆጣጠር፣ የባንክ ብድር የማግኘት እኩል መብት እንዳላቸው በግልጽ ይናገራል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 9(4) የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። እንግዲህ ሁለት ሕጎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ የባንክ መስኮቱ ላይ የሚሠራው የቆየው ነው።

መፍትሔው ከባድ አይመስለኝም። የፊርማ ጥያቄ ሁለት ነገር ነው። የፈረመው ማን ነው? የፈረመበትን ያውቃል? የመጀመሪያውን ዛሬ ፋይዳ ይመልሳል፤ መታወቂያው በጣት አሻራና በፊት ምስል ጭምር የተመዘገበ ነው። ሁለተኛውን ደግሞ ቅጹን በዲጂታል ጽሑፍ መላክ ይመልሰዋል፤ ደንበኛዋ በስልኳ ታዳምጠዋለች፣ ከዚያ ትፈርማለች። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅም ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ አለን። አንቀጽ 1728(3) ተሻሽሎ፣ የሰነዱን ይዘት ራሱ ማንበብ የሚችልበት መንገድ የቀረበለት ዓይነ ስውር ፊርማ እንደማንኛውም ሰው ፊርማ እንዲጸና ቢደረግ፣ ጥበቃው ለሚያስፈልገው ሰው ይቀራል፤ የማያስፈልገው ደግሞ ነጻ ይወጣል።

የሞባይል ባንክ መምጣቱ ለብዙዎች እፎይታ ነው። ገንዘብ መላክ፣ ሒሳብ ማየት ያለ ምስክር ሆኗል። ግን መተግበሪያው አዝራሮቹን ካልሰየመ ከላይ ያልኩት ችግር ይደገማል። በአጭር ቁጥር የሚሠራው አገልግሎትም የምርጫው ዝርዝር ተነብቦ ሳያልቅ ጊዜው ያበቃና ይዘጋል። ለአገልግሎቱ ባለቤት ጥቂት ሰከንዶችን መጨመር ምን ያህል ይከብዳል?

መንገድ ላይ፣ በጥቂቱ

አዲስ አበባ ውስጥ በኮሪደር ልማት በተሠሩ የእግረኛ መንገዶች ላይ በእግርና በነጭ በትር የሚዳሰስ ቢጫ መስመር እየታየ ነው። ደስ ይላል። መስመሩ የሚጠቅመው ግን መኪና ካልቆመበት፣ ሸቀጥ ካልተዘረጋበት፣ መሐሉ ላይ ምሰሶ ካልተተከለ ነው። ከዋናው ጎዳና ወደ ሰፈር ስንታጠፍ ደግሞ ክዳን የሌለው ጉድጓድ ይጠብቀናል። በትር ይዞ የሚሄድን ሰው ሳይጠይቁ እጁን ጎትቶ ማሻገርም እርዳታ አይደለም። «ላግዝህ ወንድሜ?» ብሎ ክንድን ማቅረብ ይበቃል፤ እሱ ክንዳችሁን ይይዛል።

እስካሁን ያወራሁት ስለተማሩት ነው። አብዛኛው ዓይነ ስውር ግን እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ግማሽ ያህሉ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነበር፤ ቀጥሎ ትራኮማ ያመጣው ጠባሳ 11.5 በመቶ ይይዛል። ይህ መጠን ባለበት ቆሞ ቢሆን እንኳ ዛሬ ከ100 ሚሊዮን በላይ በሆነው ሕዝብ ውስጥ ከ1.6 ሚሊዮን ሰው በላይ ማለት ነው። ብዙዎቹ ገጠር ያሉ፣ በዕድሜ ከገፉ በኋላ ዓይናቸውን ያጡ ሰዎች ናቸው። ግርዶሹን በአጭር ቀዶ ሕክምና ማንሳት ይቻላል፤ ይህ የጤና ሥራ መፍጠን አለበት። ዓይኑ ሊመለስ የማይችለው የ45 ዓመት ገበሬ ግን ትምህርት ቤትም አይገባም፣ ላፕቶፕም አይሰጠውም። በትር ይዞ መንቀሳቀስን፣ ከብቱን መጠበቅን፣ ገበያ ላይ ሒሳቡን ራሱ መያዝን የሚያሠለጥነው ያስፈልጋል። በጎልማሳነት ዓይናቸውን ላጡ ሰዎች የሚሆን ሥልጠና በየወረዳው አለመኖሩ፣ ከማንኛውም ክፍተት ይበልጥ ብዙ ሰው ቤት ውስጥ ያስቀመጠ ይመስለኛል።

ሕጉ በእጃችን ነው

የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 በ2000 ዓ.ም. ወጥቷል። ብዙ ቀጣሪዎች አያውቁትም፤ ከአመልካቾችም ብዙዎቹ አያውቁትም። አዋጁ ከሌሎች ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ያመጣ አካል ጉዳተኛ ቅድሚያ እንዲያገኝ ያዛል። ቀጣሪው ተስማሚ የሥራ ሁኔታና መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ ሲያስፈልግም ረዳት እንዲመድብ ይጠይቃል።

ድክመቱ ቅጣቱ ነው። ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ነው። በወጣበት ጊዜ ትንሽ የሚከብድ ነበር፤ ዛሬ አንድ ድርጅት ለአንድ ቀን ስብሰባ ሻይና ውሃ ከሚያወጣው አይበልጥም። መጠኑ መሻሻል አለበት።

ጠንካራ ጎኑ ደግሞ ብዙ ያልተነገረለት ነው። አድልዎ ደረሰብኝ የሚል አካል ጉዳተኛ የማስረዳት ሸክም ሳይጫንበት መክሰስ እንደሚችል አዋጁ ይፈቅዳል። የአካል ጉዳተኞች ማኅበራትና የሠራተኛ ማኅበራትም በእሱ ስም መክሰስ ይችላሉ። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌለው ሰው ለብቻው መቆም የለበትም። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ከ60 ዓመት በላይ የቆየ ተቋም ነው፤ በአባላቱ መካከል የሕግ ባለሙያ አይጠፋም። «አንባቢ የለንም» ተብሎ ከፈተና አዳራሽ የተመለሰ አንድ አመልካች ይህን አዋጅ ይዞ ወደ ማኅበሩ ቢሄድና ክስ ቢመሠረት፣ ፍርድ ቤት ቆሞ ማስረዳት ያለበት ቀጣሪው ይሆናል።